«ቡዳ» የተባለውን ሰው ማን ጠየቀው? አንድ ጥያቄና ሠላሳ አራት መልስ

ክሩን፣ ማለትም በበይነ መረብ ላይ ስለ ቡዳ የተደረገውን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የማወጋው የገለልተኛ ታዛቢ ዘገባ አይደለም። የአክስቴ ልጅ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ልጅቷ ሥራ ያላት፣ ረጋ ያለች፣ ወላጆቿም በሰፈራቸው የተከበሩ ሰዎች ናቸው። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀጠሮ ግን ቀሩ። በመሐል አንድ የሩቅ ዘመድ ዘር ሲቆጥሩ የልጅቷ ቅድመ አያት ማረሻ ይሠሩ እንደነበር ደርሰውበታል። «ቡዳ» የሚለውን ቃል ከአንድም ሰው አፍ አልሰማሁም። አጥንቱ አልተስማማንም ብቻ ተባለ፤ ቡናው ተጠጣ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ሄደ።

በዚያ ሳምንት ማታ ማታ ስለ ቡዳ የተጻፉ ጥናቶችን ማንበብ ጀመርኩ። ንዴት ትጉ አንባቢ ያደርጋል፤ ጠንቃቃ አንባቢ እንደማያደርግ ግን ቆይቶ ነው የገባኝ።

የለጠፍኩት ጽሑፍ ረዘም ያለ ነበር። ሮናልድ ሬሚኒክ የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1974 ስለ ጎንደር ሰው የቡዳ እምነት ጽፏል ብዬ ጀመርኩ። እርሱ እንደሚያስረዳው ማኅበረሰቡ ሰውን ለሁለት ይከፍላል፤ በአንድ በኩል ርስት ያለው ጨዋ፣ በሌላ በኩል ርስት የሌለው ቀጥቃጭ፣ ሸክላ ሠሪ፣ ፋቂና ሸማኔ። የቡዳ ዓይን የሚያርፈው ባማረ ነገር ላይ ነው፤ በወፈረ ሕፃን፣ በወዛ ፊት፣ በሰመረ አዝመራ። ፍርሃቱም ያለው ሰው የሌለውን ሰው ቅናት መፍራቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ተስማምቼ ነበር። ከዚያ ክሴን አቀረብኩ። ተመራማሪዎቹ ሁሉ ጨዋው ስለ ቡዳው የሚያወራውን ሰብስበው የአማራ እምነት ብለው ሰየሙት እንጂ፣ ቡዳ የተባለውን ሰው ከቤቱ ሄዶ የጠየቀ አንድም የለም አልኩ። የተጠርጣሪን ጉዳይ ከከሳሹ አፍ ብቻ ሰምቶ ፍርድ እንደመጻፍ ነው አልኩ። እስቲ ማን ጠየቃቸው? ጥያቄዬ ይኸው ነበር። ስለ አክስቴ ልጅ አንዲት ቃል አልጻፍኩም።

ከ1 እስከ 3 ያሉት መልሶች የሰላምታና የትዝታ ነበሩ። አያት ሲበሉ በነጠላ ይከለሉ ነበር፤ ሕፃን ከቤት ሲወጣ ፊቱ ይሸፈን ነበር፤ የሌላ ሰው ልጅ አሳምሮ ያመሰገነ ሰው እንትፍ እንትፍ ማለት ነበረበት። 3ኛዋ ጸሐፊ ዛሬም አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምግብ ቤት ገብታ ልጇን ስታጎርስ ጀርባዋን ለሰው ሰጥታ እንደምትቀመጥ፣ ለምን እንደምታደርገው ግን ራሷም እንደማታውቅ ነገረችን። ተሳስቀን የምናልፍ መስሎኝ ነበር።

4ኛው መልስ ጡረታ ከወጡ የታሪክ መምህር መጣ። ልጄ ብለው ጀመሩ፤ ልጄ ተብሎ የሚጀምር እርማት ሲመጣ ደግሞ ጠጋ ብሎ ማዳመጥ ነው። ሬሚኒክ ያጠናው መንዝን እንጂ ጎንደርን አይደለም አሉ፤ መንዝንና ጎንደርን የማይለይ ሰው ስለ አጥንት ቆጠራ ባይጽፍ ይሻለዋል ሲሉም ጨመሩ። 1974 ያልኩትም የፈረንጅ ነው፤ በእኛ 1966 ነው፤ ይህም ቀላል ስሕተት እንዳልሆነ ወደፊት እናየዋለን ብለው ነገሩን አንጠልጥለው ሄዱ። ያን ጊዜ የመምህር ወጉ ነው ብዬ አለፍኩት።

5ኛዋ አንትሮፖሎጂ የምታጠና ተማሪ ናት። ጨዋነቷ እስከ ሁለተኛው አንቀጽ ድረስ ቆየ። ማን ጠየቃቸው ላልኩት በስም መለሰችልኝ። ሀጋር ሳላሞን የተባለች እስራኤላዊት ተመራማሪ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተ እስራኤላውያንን በአዲሱ አገራቸው እየዞረች አነጋግራለች፤ በ1999 በታተመው መጽሐፏ ውስጥ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት ይኖሩ እንደነበር፣ ሌሊት ጅብ ትሆናላችሁ እየተባሉ ቀን አብረው እንዴት ይገበያዩ እንደነበር የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው። ዳያን ላየንስ የተባለች የካናዳ አርኪዎሎጂስት ትግራይ ውስጥ ከሸክላ ሠሪ ሴቶች ጋር ሠርታለች፤ ከጽሑፎቿ የአንዱ ርዕስ ክፉ አይደለሁም ብሎ ነው የሚጀምረው። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክረስት ያዘጋጁት፣ በ2003 የወጣው መጽሐፍ ደግሞ ከጉራጌው ፉጋ እስከ ከፋው ማንጆ ድረስ ተገልለው የኖሩ የእጅ ባለሙያዎችንና አዳኞችን ይዘረዝራል። ስለዚህ ጥናቱ የለም ከማለት አላነበብኩም ማለት ይቀላል አለች። እነዚህ ዓመቶችም የፈረንጅ መሆናቸውን ለመምህሩ በአክብሮት አስታወቀች።

6ኛው መልስ የእኔ ነው። ይቅርታ ጠየቅኩ። እውነቱን ለመናገር አንድ ቀን ሙሉ አኩርፌ ነበር።

7ኛዋ ነርስ ናት። በገጠር ጤና ጣቢያ ስትሠራ አንቀጥቅጦት የመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ታስታውሳለች። ትኩሳቱ የወባ ነበር። ወላጆቹ ግን በመጀመሪያ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ደቁሰው በአፍንጫው አድርገው፣ ከዚያ ጢስ አጥነውት፣ ማን በላህ እያሉ ሲጠይቁት ሁለት ሌሊት አልፏል። ልጁ ገና አፉን ያልፈታ ነበር፤ ማንን ብሎ ይንገራቸው? ልጁ ድኗል። ይህን የምትጽፈው ማንንም ለመውቀስ እንዳልሆነ፣ እናቱ ሁለት ሌሊት ሳትተኛ እንደቆየች በዓይኗ ማየቷን ጨምራ ነበር የዘጋችው። 8ኛው ሰው የሚጥል በሽታ ሁሉ በቡዳ እየተሳበበ ስንት ሰው መድኃኒት ሳይጀምር እንደሚቀር ጽፎ ሐሳቧን ደገፈ።

9ኛው መልስ ላይ ነፋሱ ተቀየረ። ጸሐፊው ከትልቅ ሰው የማይጠበቅ ቁጣ ይዞ መጣ። የለም የምትሉ እናንተ ከተማ ያደጋችሁ ናችሁ አለ። የአሥራ ሁለት ዓመት እህቱ ጠላ ቤት በራፍ ላይ ቆማ ወድቃለች። ሲያጥኗት በወንድ ድምፅ ጮኻ የሸማኔውን ስም ጠርታለች። ሸማኔው ተይዞ መጣ፤ እንትፍ በልባት ተባለ፤ እንትፍ አለባት፤ ተነሥታ ውኃ ጠየቀች። በቦታው ከሃያ የማያንስ ሰው ነበር። ሳይንሳችሁ ይህን ያስረዳኝ ብሎ ጨረሰ።

ይህን መልስ ደጋግሜ አነበብኩት። ሰውየው አይዋሽም፤ አጻጻፉ የሚዋሽ ሰው አጻጻፍ አይደለም። ግን የእህቱን ዕድሜ፣ የጠላ ቤቱን በራፍ፣ የሰውን ቁጥር ሁሉ የነገረን ሰው ስለ ሸማኔው የነገረን መትፋቱን ብቻ ነው።

10ኛው መልስ ከክሩ ሁሉ ያስተማረኝ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም ልበል። ጸሐፊዋ ያችው ተማሪ ናት፤ አሁን ግን ቁጣዋ በርዶላታል። ኤቫንስ ፕሪቻርድ የተባለ እንግሊዛዊ በደቡብ ሱዳን ስለሚኖሩ አዛንዴዎች የጻፈውን፣ በፈረንጅ 1937 የታተመውን ጥናት አመጣችልን። ጎተራ ወድቆ ከሥሩ የተቀመጡትን ሰዎች ይጎዳል። አዛንዴው ምሰሶውን ምስጥ እንደበላው አሳምሮ ያውቃል። የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ እነዚያ ሰዎች ከሥሩ በተቀመጡበት ሰዓት ለምን ወደቀ ነው የሚለው። ለዚህ ምስጥ መልስ የለውም፤ የሰው ክፋት ግን መልስ ይሆናል። ነርሷ ያለችው ወባና 9ኛው ሰው ያየው ነገር የሚጋጩ መስለው የታዩን ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን ስለሚመልሱ ነው አለች፤ አንዱ እንዴት ታመመ ይላል፣ ሌላው ለምን የእኔ ልጅ ይላል።

ቀጥላ ያመጣችው ነጥብ ግን ከዚህም ይበልጣል። አዛንዴዎች ዘንድ ያ ክፉ ኃይል በዘር ይወርዳል፤ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ። እንግዲያውስ አንድ ሰው ከተያዘ ነገዱ ሁሉ መያዝ ነበረበት። አዛንዴው ግን ይህን አይቀበልም። የሚመለከተው በዚያች ሰዓት ከእርሱ ጋር የተጣላውን አንድ ሰው ብቻ ነው። ክፉ ዓይን ደግሞ ከግሪክ እስከ ግብፅ፣ ከቱርክ እስከ ሞሮኮ ያለ እምነት ነው፤ እዚያም ማንም ሰው ባለ ክፉ ዓይን ሊሆን ይችላል። የእኛው የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ዓይኑን በሙያና በአጥንት አስረን፣ ልጅ ሳይወለድ ፈርደንበት ቆየን። መፍራቱ የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ ዘር ቆጥሮ መፍራቱ ግን ምን ፈልገን ነው? ጥያቄውን እንዲሁ ተወችው።

11ኛው ዲያቆን ነው። ቤተ ክርስቲያን የእገሌ ዘር ቡዳ ነው ብላ አታስተምርም አለ፤ ክታብ ጽፎ የሚሸጥ ደብተራ ሞልቷል ሲሉት ደግሞ ያንንም አልካደም።

12ኛው መልስ ቃል ለሚወድ ሰው ነው። ቀጥቃጭን ለመስደብ የምንጠራበት ጠይብ የሚለው ቃል ከጠቢብ የመጣ ነው አለ ጸሐፊው። ጠቢብ ብለን ጀምረን ስድብ ላይ ደረስን። ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ የሚጽፈውን ጠንቋይ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግለውን ደብተራ፣ አራሹን ገበሬ እያላችሁ አትስደቡ ብለው፣ ሠራተኛን የሰደበ እኔን ሰደበ እስከማለት ደርሰዋል። መምህሩ ከሥር ገብተው አዋጁ ስድቡን እንደከለከለ፣ ጋብቻውን ግን ማንም ንጉሥ በአዋጅ እንደማያዝዘው በአጭሩ አስታወሱ። ይህች አስተያየት ቁጥር ሳይሰጣት ከ12ኛው ሥር ተለጥፋለች።

13ኛው አንድ መስመር ብቻ ነበር። 9ኛውን ጸሐፊ ወንድሜ ብሎ ጠርቶ፣ ሸማኔው ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ብሎ ጠየቀው።

መልሱ አንድ ቀን ተኩል ወሰደ። 14ኛው መልስ ሆኖ ሲመጣ ቁጣው አልነበረበትም። ሸማኔው በዚያው ዓመት ክረምት ሳይገባ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ አገር ለቋል፤ የት እንደሄደ ሰው አያውቅም። ጠይቆም የሚያውቅ የለም፤ እርሱም እስከዛሬ አልጠየቀም። መወርወሪያው ግን ለረጅም ጊዜ ባዶው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰክቶ ይታይ ነበር፤ ልጆች አይነኩትም ነበር። ከዚህ በላይ አልጻፈም፤ አቋሙን ለውጧል ብዬም አላስብም።

15ኛው ጸሐፊ ይህ ሁሉ ያመለጠው ይመስል ከላይ ገባ። እኔን የፈረንጅ ተላላኪ አለኝ። ባህላችንን ለማዋረድ ሆን ተብሎ የተከፈተ ክር ነው፣ ፈረንጅ መጥቶ ከገበሬ ቤት እንጀራ በልቶ ሲመለስ የሚጽፈውን እንደ ወንጌል ታነቡታላችሁ አለ። ከስድቡ መሐል አንድ እውነት ነበረው፤ ብዙው ጥናት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ጥናቱ የተጻፈለት ሰው ሊያነበው አይችልም። ስድቡን ትቶ ይህን ብቻ ቢጽፍ የክሩ ጥሩ መልስ ይሆን ነበር። 16ኛዋ፣ ተማሪዋ፣ ፈረንጁ የጻፈው የእኛኑ አያቶች ቃል ነው፤ ካዋረደን ያዋረደን የራሳችን ድምፅ ነው ብላ መለሰችለት። 17ኛው በአስተባባሪው ተሰርዟል፤ ቁጥሩ ብቻ ቀርቷል። ሳይሰረዝ አንብቤዋለሁ፤ የተሰረዘው በሚገባ ነው።

በ18ኛው መምህሩ ያንጠለጠሉትን አወረዱት። የሬሚኒክ ጽሑፍ የወጣው በ1966 ነው። ፍርሃቱ የሚነሣው ርስት ካለውና ከሌለው ልዩነት ነው ብሏል። ዓመት ሳይሞላ የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ርስት በአንድ ቀን ቀረ፤ ቀጥቃጩም ሸማኔውም እንደ ማንኛውም ገበሬ መሬት የማግኘት መብት አገኘ። እንግዲህ ልጄ፣ አሉኝ፣ አንድ ሰው ባቀረበው ሐሳብ ላይ ታሪክ ራሱ ፈተና አወጣለት። መሬት ሲገኝ ቡዳው ጠፋ? የዓመተ ምሕረቱ ስሕተት ለምን ቀላል እንዳልሆነ ያኔ ገባኝ።

የመለሱት በዚያ ዘመን የገበሬ ማኅበር ሊቀመንበር የነበሩ አንድ አዛውንት ናቸው፤ 19ኛውን መልስ የልጅ ልጃቸው እየጻፈችላቸው እንደሆነ ገልጸዋል። እኔ ራሴ ገመድ ይዤ መሬት ለክቻለሁ አሉ። በማኅበራቸው ውስጥ አንድ ቀጥቃጭ ነበር። አዋጁ አዋጅ ነውና ሰጡት፤ የሰጡት ግን ቦረቦር ዳር፣ ድንጋያማውን ነው። ደቦ ሲጠራ የሚመጣለት የለም፤ ወንፈል የሚገባው የለም። ለገበሬው ሁሉ ማረሻ የሚሠራ ሰው የራሱን መሬት ከሚስቱ ጋር ብቻውን ያርሳል። ቀን ያርሳል፣ ማታ ወናፍ ይነፋል። ድንጋዩን እየለቀመ እርከን ሠራበት። በሦስተኛው ዓመት ጤፉ ከሁሉም ቀድሞ ያዘለት። ያን ጊዜ የአገሩ ሰው ምን አለ? ዓይኑ የእኛን እህል ወስዶ ከራሱ ማሳ ጨመረው አለ። ሊቀመንበሩ ይህን ያሉትን ሰዎች እንዳልገሠጹ፣ እርሳቸውም በዚያን ጊዜ እውነት መስሏቸው እንደነበር አልሸሸጉም።

እንግዲህ ፈተናው ምን አሳየ? ከላይ የተቀመጠው የታችኛውን ቅናት ይፈራል ተብሎ ነበር። ድሀው ሲያገኝ ደግሞ ቀናተኛው ማን እንደሆነ ታየ። ቡዳ የሚለው ስም ግን ቦታውን አልቀየረም፤ የቀናው ሰው ራሱን ጨዋ፣ የተቀናበትን ቡዳ እንዳለው ቀረ። ቡዳ በወዳጁ ይጠናል የሚለው ተረታችን ስለ ቅርበት የሚያውቀው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ ስለ ማሳው ግን ዝም ብሏል። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ መምህሩ አልተቃወሙትም፣ አላደነቁትምም።

20ኛው መልስ የመጣው ከእስራኤል ነው። ጸሐፊው በግንቦት 1983 በሁለት ቀን ከዐሥራ አራት ሺህ በላይ ሰው በአውሮፕላን ሲወሰድ ገና ልጅ ሳለ ሻንጣ ተሸክሞ የሄደ ሰው ነው። የመሬቱን ነገር ወደ ኋላ ወሰደልን። በእነርሱ፣ በቤተ እስራኤላውያን፣ ዘንድ የሚነገረው ከዐፄ ይስሐቅ ዘመን ከ15ኛው ክፍለ ዘመን ይጀምራል፤ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ተባለ። ርስት የሌለው ሰው ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ዞረ፤ ብረትና ሸክላውም ቡዳ አሰኘው። ግን ቅዱሳን ነበርን ለማለት አልቃጣም። የእኛም ሽማግሌዎች ክርስቲያን ሲነካቸው አትንኩኝ ብለው ይታጠቡ ነበር፤ በመካከላችንም ጨዋና ባሪያ የሚል ነበር አለ። እስራኤል ሲደርሱ ጅብ የሚላቸው ጠፋ። ከዚያ በ1996 በፈረንጅ አቆጣጠር የለገሱት ደም በጤና ምክንያት ተብሎ እንደተጣለ ተሰማ፤ ሺዎች ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። አባቱ ሰልፉን በቴሌቪዥን አይተው፣ እዚያ ዓይናችንን ፈሩ፣ እዚህ ደማችንን ፈሩ እንዳሉ ያስታውሳል። 21ኛው ይህ ከቡዳ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ጠየቀ፤ የመለሰለት የለም።

22ኛዋን ስጠብቃት ነበር ብል ውሸት ነው፤ ትኖራለች ብዬም አላሰብኩም። የሸክላ ሠሪ ልጅ ነኝ ብላ ጀመረች። ከመልስ 1 ጀምሮ ስታነብ እንደቆየች፣ ሁላችንም እነርሱ እያልን እንደምንጽፍ፣ ተማሪዋም ጭምር እነርሱ እያለች እንደምትሟገትላቸው አስተዋለች። እናቷ እስከዛሬ ትሠራለች። አፈሩ ከሩቅ በጀርባ ይመጣል፤ ይወቀጣል፤ የተሰበረ ገል ተፈጭቶ ይጨመርበታል፤ ጭቃው ተቦክቶ ያድራል። እናቷ ጀበና ስትሠራ አንገቱን በመጨረሻ ነው የምታወጣው፤ ያን ጊዜ ማንም እንዲያናግራት አትፈልግም። ቅዳሜ ገበያ ይወሰዳል። ገዢዋ መጥታ ጀበናውን አንሥታ በጣቷ መገጣጠሚያ ኳ ኳ ታደርጋለች፤ ድምፁ ጥሩ ከሆነ ትከራከራለች። ዋጋው ሲቆረጥ ብሩን በእጅ አትሰጥም፤ መሬት ላይ ታስቀምጣለች። ልጅቷ ትንሽ እያለች ሥራዋ ያንን ብር ከመሬት ማንሣት ነበር። ያቺው ሴትዮ ቤቷ ገብታ በዚያ ጀበና አፍልታ በዚያ ጀበና ትጠጣለች። ማኅበር ሲደርሳት ጠላውን የምትጠምቅበት ጋን፣ እንጀራውን የምትጋግርበት ምጣድ የእናቷ እጅ ነው። እጁን ፈርተው የእጁን ሥራ እንዴት ወደ አፋቸው እንደሚያስጠጉ ዐሥር ዓመት አስባበት አልገባኝም አለች። ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ በሚለው ቦታ ላይ ግብርና ብላ ትጽፍ ነበር።

አንድ ጊዜ ፈረንጅ ተመራማሪ መጥታ እናቷን ጠይቃ እንደነበርም ጨመረች። ቡዳ ይሉሻል ወይ ብላ በአስተርጓሚ ስትጠይቅ፣ አስተርጓሚው ቃሉን ለመናገር አፍሮ በአሉባልታ ይጠሩሻል ወይ ብሎ ተረጎመው። እናቷም አይ፣ ሰው ሁሉ ደኅና ነው አለች። ተመራማሪዋ ጻፈች። ማን ጠየቃቸው ላልከው መልሱ ይኸው ነው፤ ጠይቀውናል፤ ጥያቄው ግን አልደረሰንም አለችኝ።

ተማሪዋ በ23ኛው እህቴ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት። ከዚያ በኋላ፣ ሰው የሚለው ሲያጣ እንደሚያደርገው፣ ክሩ ወጥ ቤት ገባ። ከ24 እስከ 30 ያለው ስለ ጀበናና ስለ ምጣድ ነው። ከፍራንክፈርት የጻፈች ሴት ከአገር ቤት በልብስ ጠቅልላ ያመጣችው ጀበና በመጀመሪያው ቀን ምድጃ ላይ ሁለት ቦታ መሰንጠቁን በኀዘን ተረከች። የኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ ዓይን እንደማያወጣ አንዱ ሲያማርር፣ ሌላው ሊጡን እንጂ ምጣዱን አትውቀስ አለው። ጀበና ጆሮ ይኑረው አይኑረው፣ የአፉ መክደኛ ከምን ይሁን በሚለው ላይ ሁለት ሰዎች ከ15ኛው ባልተናነሰ ቁጣ ተጣሉ። ዲያቆኑም ገብቶ ስለ ጎመን ዘር አንድ ነገር አለ።

በ31ኛው መምህሩ መልሰው ያዙኝ። ልጄ፣ ይህን ሁሉ ለምን ጠየቅህ አሉ። ሰው በባዶ ሜዳ ስለ አጥንት አያነብም።

በ32ኛው የአክስቴን ልጅ ነገር ጻፍኩ። 33ኛዋ ነርሷ ነበረች፤ እርሷም እንደ 13ኛው ሰው አንድ መስመር ብቻ ጻፈች። አጥንቱ አልተስማማንም ሲባል አንተ የት ነበርክ አለች። እዚያው ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሁለተኛውን ቡና እየጠጣሁ ነበር። ይህንኑ ጽፌ፣ አጥፍቼ፣ እንደገና ጽፌ ከ33ኛው ሥር ለጠፍኩት።

34ኛው መልስ እሑድ ማታ መጣ፤ የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ናት። ክሩን በሙሉ፣ ከመልስ 1 እስከ 33፣ የተሰረዘውን ብቻ ትታ፣ ለእናቷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንዳነበበችላቸው ጻፈች። እናቷ ጭቃ እያቦኩ አዳምጠዋል። ስለ ሸማኔው ሲነበብ እጃቸው ቆመ፤ ስለ ቀጥቃጩ ጤፍ ሲነበብ ሣቁ። ሲያበቃ የተናገሩት የፍራንክፈርቷን ሴት ብቻ ነው። ጀበናውን ሳታሟሸው በአንዴ ከፍተኛ እሳት ላይ ጥዳዋለች ማለት ነው፤ አዲስ ጀበና በመጀመሪያ ውኃ ብቻ ተደርጎበት በስሱ እሳት ቀስ እያለ ይሞቃል እንጂ እንደ ብረት ድስት አይጣድም አሉ። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ካለ ሌላ ይልኩላታል። ዋጋው ግን ያው የገበያው ነው።